ቅቤ የጠጣው መሪ

በእኛ ሰፈር ሰው ለጌጥ ሲል ዋናውን ነገር ሲያበላሽ የምንላት አባባል አለች። ዛሬ እየሳቅን እንላታለን፤ መጀመሪያ የተባለችው ግን ለቅሶ ቤት ነው።

የድሬዳዋው መርዕድ አንዲት አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና ነበረችው፤ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። ሴት ልጁን ሊድር ሲል ወደ ጓደኛው ወደ አናጢው ውብሸት ሄደ።

«መሪዋን ከወይራ ሥራልኝ። ሙሽራ የምትቀመጥባት መኪና መሪዋ በፕላስተር ታስሮ ይታይ?»

«አንተስ ራስህ የቆምከው በሽቦ ታስረህ አይደል? ማን አየህ!» አለው ውብሸት።

ወይራውን ጠረበ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ አለሰለሰ፣ በብሎን አጥብቆ አሰረው። ከውብሸት እጅ ገበታም ሆነ በርጩማ ቅቤ ሳይቀባ ወጥቶ አያውቅም፤ አባቱም እንዲያ ነበሩ። የተቀባ እንጨት ይወዛል፣ አይሰነጠቅም፤ ለባለቤቱም ምርቃት ነው። መሪውንም በለጋ ቅቤ አሸው።

«ፊቴ ታየኝ እኮ!» አለ መርዕድ።

«እስኪመጠው ይደር።»

«ሠርጉ እኮ ነገ ነው! ና ግባ፣ አንተ ፈሪ።»

መኪናዋን ሊሞክሩ የደንገጎን ዳገት በደመና ወጡት። ቁልቁል ሲመለሱ ፀሐይ ወጣች፤ ቅቤውም ቀለጠ። የመርዕድ መዳፍ ተንሸራተተ፤ በሸሚዙ ጠረገና ሳቀ።

«ውቤ፣ ወጥ ነው እንዴ የሠራኸው?»

ውብሸት «አቁም!» ሊል አፉን ሲከፍት ኩርባው ደረሰ። የመርዕድ እጆች ዞሩ፤ መሪው ግን አልዞረም።

ውብሸት ራሱን ያገኘው ቁጥቋጦ ላይ ተወርውሮ ነው። ከታች የመኪናዋ ጎማ ወደ ሰማይ ተገልብጦ ይሽከረከራል። «መርዕድ!» አለ። ደግሞ ተጣራ። የሚመልስ የለም።

ለሠርጉ የተተከለው ድንኳን ለቀስተኛ ሞላው። አንዱ ፍሬን ነው ይላል፣ ሌላው ጎማ ነው ይላል። ውብሸት ክንዱ በፋሻ እንደታሰረ ገብቶ ከመርዕድ እናት ከእማማ ደብሪቱ እግር ሥር ወደቀ።

«እኔ ነኝ እማማ! እንዲያምርለት ብዬ መሪውን ቅቤ ቀባሁት፤ ከእጁ ሙልጭ አለበት።»

ለቀስተኛው እርግማን ሲጠብቅ፣ አሮጊቷ እጃቸውን በውብሸት ራስ ላይ አሳረፉና ከመሬቱ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «አይ ልጄ፤ ለዓይን ብለው ቀቡት፣ ከእጅ አጡት» አሉ።