ከአፈር በታች የምትስቀው ሴት

አንድ የጠርሙስ ንድፍ አውጪ ነበር፤ ስሙ ኅሩይ ይባላል። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ እንኳ «ተሳስቼ ይሆን?» እያለ የሚጨነቅ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ከእናቱ ከወይዘሮ የሺመቤት ጋር በአንዲት የቆላ ከተማ ይኖር ነበር።

አንድ ቀን የማንጎ ጭማቂ የሚያመርት ነጋዴ አስጠርቶ አዲስ የፕላስቲክ ጠርሙስ አዘዘው። ኅሩይ ሁለት ዓይነት ሠርቶ አቀረበ። አንደኛው ከክዳኑ እስከ መቀመጫው ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ፣ ቀለም የሌለው፣ ስም የተጻፈበት ስስ ልባሱ በጣት ተይዞ የሚላጥ ነው። ሁለተኛው የልዩ ልዩ ፕላስቲክና የስስ ብረት ንብርብር ነው። በላዩ የአንዲት ወጣት ሴት ፊት ታትሟል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ይስቃል። ኅሩይ ፊቱን የሣለው ከእናቱ የወጣትነት ፎቶግራፍ ነው፤ ሊያከብራቸው ብሎ።

ነጋዴው የመጀመሪያውን በጣቱ ገፋ አደረገው።

«ይሄ የመድኃኒት ጠርሙስ ይመስላል። ይህቺን ግን ተመልከት! አሳሳቋን እያት!»

«ጋሼ፣ እሷ አንድ ችግር አለባት» አለ ኅሩይ። «ንብርብሮቿ አይላቀቁም። አቅልጦ መልሶ መሥራት አይቻልም። ባዶ ስትሆን…»

«ባዶ ስትሆን የገዢው ናት። እኔ የምሸጠው ሙሉዋን ነው።»

ኅሩይ ሊመልስለት አፉን ከፈተ። ከዚያ «ምናልባት አጋንኜው ይሆናል» ብሎ አሰበና ዘጋው። በተጠራጠረ ቁጥር ዝም ማለት ልማዱ ነው። የዚያን ቀን የተጠራጠረው ግን እውነት መሆኑን በደንብ የሚያውቀውን ነገር ነበር።

ጠርሙሷ ከተማውን ወረረችው። ቆራሌዎቹ ሌላውን ጠርሙስ ሁሉ ለቅመው ለአቅላጭ ይሸጣሉ፤ እሷን ግን አንስተው ያይዋትና መልሰው ይጥሏታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ እየጠረገ ይወስዳታል። የት እንደምትደርስ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ቀን ወይዘሮ የሺመቤት ከገበያ ተመልሰው እየሳቁ ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ራሴን ቱቦ ውስጥ አየሁት! ጭቃው ላይ ተንጋልላ ትስቅብኛለች። የኔ ጥርስ ረግፎ አለቀ፤ የሷ አንድም አልጎደለ!»

«ሄጄ ላንሳት፣ እማዬ?»

«ስንቷን ታነሳለህ? ተዋት።» ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «ብቻ ልጄ፣ ቀፈፈችኝ። እኔ መሄዴ አይቀርም፤ እሷ ግን የትም የምትሄድ አትመስልም።»

በሚቀጥለው በጋ ወይዘሮ የሺመቤት አረፉ።

በዚያ ከተማ ሰው በሞተበት ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀበራል። ኅሩይ ለእናቱ ሊያደርግላቸው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ አፈር ማልበስ። ፍትሐቱ እየተደረገ ሳለ የዕድሩ ወጣቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በታችኛው በኩል ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ጥቂት እንደ ቆፈሩ አካፋው አንድ ነገር ወጋ፤ ከመሬቱ ውስጥም «እህህ…» የሚል ረጅም ትንፋሽ ወጣ።

ቆፋሪው ወደ ኋላ ዘለለ።

«ምን ሆንክ?» አለ የዕድሩ ዳኛ።

«ተነፈሰ!»

«ማን ነው የተነፈሰው? ጠጥተህ ነው የመጣኸው?»

ዳኛው ራሱ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ ጠረገው። ወዲያው እጁን ሰበሰበ። ከሥር አንዲት ሴት ትስቃለች።

ቦታ ለወጡ። ከአጥሩ ጥግ ቆፈሩ፤ «እህህ…» አለ መሬቱ፤ እዚያም ትስቃለች። ከወይራው ሥር ቆፈሩ፤ እዚያም። ጎርፉ ያመጣውን ጠርሙስ ሁሉ ደለል አልብሶት፣ ሰው መሬት ነው ብሎ ሲረግጠው ኖሯል። ለቀስተኞቹ አሁን አስተዋሉ፦ የቆሙበት ቦታ ሲረግጡት ይሰምጣል፣ እግራቸውን ሲያነሱ ተመልሶ ይነሳል። አንዳንዶቹ ድምፅ ሳያሰሙ ወደ በሩ መሸሽ ጀመሩ።

ኅሩይ ወደ ጉድጓዱ ተመለከተ። የእናቱ ፊት ጉንጭ ለጉንጭ ተጠጋግቶ ወለሉን ሞልቶታል። አንዱም አልበሰበሰም፤ አንዱም አልደበዘዘም። ሁሉም ከሱ ከልጃቸው ያነሰ ዕድሜ ነበራቸው። እናቱ ግን ከጎኑ፣ ሳጥን ውስጥ፣ አፈር ይጠብቁ ነበር።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ነጋዴውም ከለቀስተኞቹ መካከል ነበርና ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ።

«አትጨነቅ። ሳጥኑን እላያቸው ላይ እናስቀምጠውና አፈር ከሌላ ቦታ አስመጣለሁ። ማንም አያውቅም።»

«እናቴን በእናቴ ላይ ልቅበር?»

«ኧረ ተው ኅሩይ! ፕላስቲክ እኮ ነው!»

«ምን እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ አውቄ ዝም አልኩ፤ አሁን ግን ዝም አልልም።»

ነጠላውን አውልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። በእጁ እየነቀለ ማውጣት ጀመረ። ጥብቅ ብሎ የተዘጋው እያንዳንዱ ጠርሙስ ሲጨበጥ ክዳኑ ይላቀቅና ይተነፍሳል፤ የትንፋሹ ሽታ የሻገተ ማንጎ ነው። ወጣቶቹ ተያዩና ተከትለውት ገቡ። ከሴቶቹ መሐል አንዷ ወደ ነጋዴው ዞራ፦

«እርስዎ ጌታው! ጭማቂውን እኛ ጠጥተንልዎታል፤ ጠርሙሱን ደግሞ ይምጡና ይረከቡን እንጂ!» አለችው።

ሰው ሁሉ አየው። ነጋዴው ኮቱን አወለቀ፤ ገባ።

ፀሐይዋ ተራራውን ስትነካ የኅሩይ ጣቶች እርጥብ ነገር አገኙ። ጥቁር አፈር ነበር። ዘግኖ አሸተተው፤ አለቀሰም። ወይዘሮ የሺመቤት እዚያ ተቀበሩ።

ከጉድጓዱ የወጣው ክምር ግን ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። አይቀልጥ፣ ቢያቃጥሉት ጢሱ መርዝ፣ መልሰው እንዳይቀብሩት ያዩትን አይተዋል። የት እንደሚወስዱት የሚያውቅ ሲጠፋ ኅሩይ ወደ ራሱ ግቢ አስጫነው።

ከሐዘኑ ሲነሳ ያንን ቀለም የለሹን ጠርሙስ ይዞ ወደ ነጋዴው ሄደ።

«ፊት የለውማ» አለ ነጋዴው።

«የለውም።»

«ሰው ይገዛዋል ብለህ ነው?»

«እሱን አላውቅም ጋሼ። የማውቀው ሲያልቅ ተሰብስቦ፣ ቀልጦ፣ እንደገና ዕቃ እንደሚሆን ነው። ከዚህ ሌላ አልሠራልዎትም።»

ነጋዴው ጥፍሮቹን ተመለከተ። ብዙ ቢያሽም ጭቃው አልለቀቀውም ነበር።

«እሺ፣ ይሠራ» አለ።

አዲሱን ጠርሙስ ቆራሌዎቹ እየተሻሙ ይለቅሙት ጀመር። በኅሩይ ግቢ ያለው ክምር ግን እንዳለ አለ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሁሉም ባንድነት ይተነፍሳሉ ይላሉ ጎረቤቶቹ። ኅሩይ ሊያርም የቻለው ገና ያልተሠራውን ብቻ ነበር።

የአንድ ዕቃ መጨረሻ የሚወሰነው በሚጣልበት ቀን ሳይሆን በሚታሰብበት ቀን ነው። ያኔ «ሥራውን ሲጨርስ እንዴት ይፈታል? ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ የንድፍ አውጪው ሥራ ነው፤ መልሱን እያወቀ ዝም ያለ ግን ሸክሙን ለአፈር አሸክሟል። የሠራው፣ የሸጠውና ጠጥቶ የወረወረው ሁሉ በዚያ ዝምታ ውስጥ ድርሻ አለው።

እስቲ አሁን በእጅዎ ያለውን ዕቃ አገላብጠው ይዩት። ሲያልቅ ወዴት ነው የሚሄደው?