ብልጭታው እስኪጠፋ

እህቶቼ፣ አንዲት እናት ልጇ ቤት የረሳችውን መታወቂያ ልታደርስላት ወደ ሥራ ቦታዋ ሄደች። ልጇ ሰናይት የምትሠራው ጨረር በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው። እናትየው ገና የውስጡን በር ስታልፍ አንድ መሣሪያ ጮኸ።

"ምንድን ነው?"

"ጨረር ነው፣ እማዬ። ባለሽበት ቁሚ።"

ጨረር! ያቺ እናት የምታውቀው ጨረር አንድ ብቻ ነው፤ የሚገድለው። በጓዳው ኒውትሮን የሚባል ጨረር የሚረጭ ነገር በወፍራም በርሜል ታሽጎ እንደሚቀመጥ ልጇ አጫውታታለች። በርሜሉ ተሰንጥቆ ይሆን? ሰናይት እኮ ሳምንቱን ሙሉ አጠገቡ ስትሠራ ሰንብታለች! በዚያች ደቂቃ እናትየው በልቧ ድንኳን ተክላ፣ ለቀስተኛ አስቀምጣ ነበር። ከመካከላችሁ ይህን ድንኳን የማታውቅ ማን አለች?

"ኒውትሮን ነው ወይስ ጋማ?" ሲሉ ጠየቁ የሰናይት አለቃ አቶ ጉግሳ።

"ምን ልዩነት አለው? ያው ጨረር አይደለም ወይ!" አለች እናትየው።

"አይደለም፣ እናቴ። ሁለቱም መሣሪያው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ሲነኩት ብልጭ ይላል። በድምቀቱ አይለዩም። የጋማው ብልጭታ ቶሎ ድርግም ይላል፤ የኒውትሮኑ ግን ጭራ አለው፣ እየተጎተተ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ እስኪጠፋ እናየዋለን።"

ሰናይት የመሣሪያው ስክሪን ላይ አፈጠጠች። "ጭራ የለውም! ሁሉም ጋማ ነው። በርሜሉ ቢያፈስ ኒውትሮኑ ይታይ ነበር፤ ደህና ነው።" ከዚያ ዞር አለች። "እማዬ፣ ዛሬ ሐኪም ቤት ነበርሽ እንዴ?"

"ጠዋት ለእንቅርቴ ምርመራ መድኃኒት ወግተውኛል። ምነው?"

"በይ የሚጮኸው ባንቺ ነው! መድኃኒቱ እኮ ጋማ ይረጫል።"

"በኔ? ወይኔ፣ ልሞት ነው?"

አቶ ጉግሳ ሳቁ። "አይሞቱም። በአንድ ሁለት ቀን ይወጣልዎታል። በሩን ግን ይልቀቁልን፣ አደነቆሩን እኮ!"

እናትየው ደጅ ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እያለቀሰች ሳቀች።

እናንተስ? ከትምህርት ቤት ሲደወል ብልጭ። ልጅ ሲዘገይ ብልጭ። ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ ዝም ሲል ብልጭ። ክፉ ነገር የለም አልላችሁም፤ አለ። ግን በመጀመሪያው ብልጭታ ማን ለይቶት ያውቃል? እግዚአብሔር እንድናይበት የሰጠንን ዓይን ገና ሳናይበት ለምን እንባ እንሞላዋለን?

ነገ ስልካችሁ ሲጮኽ፣ የደወለው ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ስሙት። እስኪጨርስ ብቻ። ምናልባት እኮ የልጁ ምሳ ዕቃ ተረስቶ ይሆናል።