የአይጦቹ የጋራ ጉድጓድ

ተረት ተረት ልበላችሁ፣ ጆሮ ስጡኝ።

በምሥራቅ፣ ሩዝ በሚበቅልበት አገር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የተራቡ አይጦች ከዘንዶ እህል ይበደሩ ነበር። ዘንዶውም በምላሹ ከየቤቱ አንድ ልጅ ይውጥ ነበር።

ልጇ የተዋጠባት አንዲት አይጥ ጎረቤቶቿን ሰብስባ፣ «በመከር ሁላችንም እፍኝ እፍኝ በአንድ ጉድጓድ እናኑር። የቸገረው ከዚያ ይውሰድ» አለቻቸው። እነሱም እሺ ብለው አኖሩ።

ክረምት ሲገባ ወደ ዘንዶው የሄደ አልነበረም። ዘንዶው ቢርበው ጊዜ ራሱ ወደ ጉድጓዱ አፍ መጣና፣ «ይህ እህል የማን ነው? ባለቤቱ ይውጣ» አለ።

«የሁላችንም ነው» አሉ አይጦቹ ከውስጥ።

ያን ጊዜ ከዘንዶው ሆድ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች፣ «የእኛም ነው» ሲሉ ተሰሙ።

ዘንዶው የገዛ ሆዱን ፈርቶ ጫካ ገባ። እናቲቱ ግን የልጇን ድምፅ ለይታ ነበርና፣ የልጇን ድርሻ ዘግና ጉድጓዱ ደጃፍ ላይ አኖረችለት። ሲነጋ ፍሬው ተፈልፍሎ ቅርፊቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በሩዝ አብሱ።