ከዋርካው ሥር ያልተጠራው ስም

አንድ ጊዜ፣ ሥጋ በሉም ሣር በሉም በአንድ ንጉሥ ሥር በሚኖርበት አገር፣ በየዓመቱ መኸር ሲገባ ከወንዝ ማዶ ካሉት እንስሳት ጋር የሚደረግ ጨዋታ ነበር። ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ይዋኛሉ፣ ሸክም ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ። ታዲያ ተወዳድሮ የሚመለስ ሁሉ ጉልበቱ ዝሎ፣ ኮቴው ተልጦ ነው የሚመለሰው። አሳዳጅ ቢመጣበት ማምለጥ አይችልም። ንጉሡ አንበሳ ይህን አይቶ ሕግ ደነገገ።

«ለአገሩ ተወዳድሮ የመጣ እንስሳ፣ ከዋርካው ሥር ከበሮ ተመትቶ ስሙ ሦስት ጊዜ ይጠራ። ስሙ የተጠራውን እስከ መጪው ጨዋታ ድረስ ማንም ሥጋ በል እንዳይነካው። ለመጥሪያው ሦስት ቀን ሰጥቻለሁ። በነዚህ ሦስት ቀናት ተወዳዳሪን ማንም አይበላም። የሦስተኛው ቀን ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ግን፣ ያልተጠራ እንደማንኛውም እንስሳ ነው።»

ደግ ሕግ ነበር። ነገር ግን ማን እንደሚጠራና ማን እንደማይጠራ መምረጡን ለአዋጅ ነጋሪው ተወለት። አዋጅ ነጋሪው ደግሞ ቀበሮ ነበር።

ቀበሮ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉንም እየጠራ ያመሰግን ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ስለ ሩጫ ሲያወራ ዋርካው ሥር መቆሚያ ይጠፋል፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ እንቁላል ይዘውለት ይመጣሉ። ስለ ሸክም ሲጀምር ጥንቸል ታዛጋለች፣ በግ ግልገሏ ትዝ ይላትና ተነስታ ትሄዳለች። ቀበሮ ደግሞ ጀርባ እያየ ማውራት አይወድም። ስለዚህ ዋናተኛውን በአንድ ቃል ማለፍ ጀመረ። ዘላዩን ሲያስታውስ ጠራው፣ ሲረሳ ተወው። ተሸካሚውን ጭራሽ መጥራት አቆመ። እስከዚያ ጊዜ ከተሸካሚዎቹ አንድም ያሸነፈ ስላልነበረ የጠየቀው አልነበረም።

በዚያ አገር ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሌላው ሣር በሚግጥበት ሰዓት፣ እሷ በጀርባዋ ድንጋይ አስጭና ገደል አፋፉን ትወጣ ትወርድ ነበር። ድንጋዩን የሚጭንላት ባሏ ጫኔ ነው። ያየ ሁሉ «ሳይጭኗት የምትሸከም አህያ!» እያለ ይስቅባት ነበር። ተራዋ ደረሰና ወንዝ ተሻግራ ሄደች። አንድ ዳውላ ጨው ተጭና ሰባት ዳገት ሳታወርድ፣ ሳትንበረከክ ወጣች፤ ማዶዎቹ የሚኮሩበትን በቅሎ ከኋላዋ ጥላ አንደኛ ሆነች። ከአገሯ በሸክም ያሸነፈ ከእሷ በፊት አልነበረም። ማዶዎቹም እንደ ልማዳቸው የእርጥብ ሣር ጉንጉን አንገቷ ላይ አጠለቁላት።

ቀበሮ ያን ጊዜ የት ነበር? ጥላ ሥር ተቀምጦ ሚዳቋን ሲጠይቅ ነበር። ሚዳቋ በሩጫው አራተኛ ወጥታለች። የትኛው እግሯ እንደከዳት፣ ማታ ምን በልታ እንዳደረች እየጠየቃት ሳለ ጩኸት ሰማ።

«ምንድን ነው?» አለ።

«የእናንተዋ አህያ አሸነፈች!» አሉት።

«እሰይ፣ እሰይ» አለና ወደ ሚዳቋ ዞረ። «እሺ፣ የቀኝ እግርሽ ነው ያልሽኝ?»

ሲመለሱ ሕዝቡ ለምለም ቅጠል ይዞ ወንዝ ዳር ወርዶ ነበር። ሚዳቋን ከብበው እልል እያሉ ወሰዷት። ዳለቻ ጉልበቷ አብጦ፣ እያነከሰች ከኋላ ተሻገረች። የጠበቃት ጫኔ ብቻ ነበር።

«እንዴት ሆንሽ?» አላት።

«አሸነፍኩ።»

«ምን! እውነትሽን ነው? ታዲያ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ሚዳቋን እየሸኘ ነው።»

«እሷም አሸነፈች?»

«አራተኛ ወጣች። ደክማለች እሷም፣ አትፍረድባት።»

ጫኔ አንገቷን በአንገቱ ደግፎ ወደ ቤት ወሰዳት። «ግድ የለም» አለች ዳለቻ ስትተኛ። «ሦስት ቀን አለ። አንደኛ የወጣን እንዴት ብሎ ይዘለዋል?»

በመጀመሪያው ቀን ከበሮው ተመታ። አያ ጅቦ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጅብ ሆዳም ነው፣ ቂልም ነው፤ ሕግ ግን ይፈራል። «ማንን እንደማልበላ ልወቅ ብዬ ነው» አለ ለጠየቀው ሁሉ። ጆሮውን ቀስሮ የተጠራውን ስም ሁሉ በልቡ ያዘ። ቀበሮ የሚዳቋን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ። ከዚያም ከፊቷ የገቡት ሦስቱ እንዴት በዕድል እንደቀደሟት እስኪመሽ አብራራ። በሁለተኛው ቀን ስለ ቀኝ እግሯ ተናገረ። ስለ አንድ እግር ያን ያህል የሚባል ነገር መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር። ሕዝቡ ግን አፉን ከፍቶ ሰማ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ጫኔ ዋርካው ሥር መጣና ቀበሮን ከሕዝቡ ለይቶ ጥግ ወሰደው።

«አያ ቀበሮ፣ የዳለቻን ስም አልጠራህም።»

«የማንን?»

«የሚስቴን። በሸክም አንደኛ የወጣችውን። ጀምበር ሳትጠልቅ ጥራልኝ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። መነሳት አቅቷት ተኝታለች። ዛሬ ካልተጠራች አለቀላት።»

«አይ ጫኔ! አንተ ሥራዬን አታውቀውም» አለ ቀበሮ፣ ጢሙን እያስተካከለ። «አሁን ስለ ሸክም ብጀምር ይሄ ሁሉ ሕዝብ ይበተናል። መጀመሪያ የሚዳቋ አክስት ትናገር፣ ሕዝቡ ይሙቅ፤ መጨረሻ ላይ የሚስትህን ስም ጣል አደርጋለሁ። ጀምበሯ ገና ናት።»

ጫኔ ምን ያድርግ? ቆሞ ጠበቀ። የሚዳቋ አክስት የእህቷ ልጅ ገና ስትወለድ እንዴት እንደዘለለች ጀመረች። ወሬው ወሬ እየወለደ ሄደ። ጀምበር አዘቀዘቀች። ጫኔ ከኋላ «አያ ቀበሮ! አያ ቀበሮ!» ብሎ ጮኸ። «ዝም በል እንጂ፣ እንስማበት!» ብለው በክርናቸው ገፉት። ያን ጊዜ የተራራው ጫፍ ብቻ ነበር የቀላው፤ እሱም ጠፋ።

ጅብ ተነሳ። «አያ ቀበሮ፣ ይቅርታ» አለ። «ጀምበር ጠልቃለች። ያልጠራኸው የቀረ አለ እንዴ?»

ቀበሮ ሕዝቡ ፊት ወሬው ስለተቋረጠበት ተናደደ። መርሳቱንም ማመን አልወደደም። «መጠራት ያለበት ሁሉ ተጠርቷል! አትረብሸን!» አለው።

ጅብ እጅ ነስቶ ሄደ።

ዳለቻ እንደተኛች ኮቴ የሌለው እርምጃ ሰማች። ቀና ስትል ጅብ ከደጃፏ ቆሟል።

«አያ ጅቦ፣ ተሳስተህ ነው የመጣኸው» አለችው። «እኔ ለአገሬ ያሸነፍኩ ነኝ። ይኸው ጉንጉኔ።»

ጅብ ቀረብ ብሎ አሸተተው። «ይሄማ የደረቀ ሣር ነው። ሣር የሌለበት የአህያ ቤት መቼ አየሁ?»

«ሰባት ዳገት በዳውላ ጨው ወጥቻለሁ! የማዶውን በቅሎ ጥያለሁ!»

ጅብ ትንሽ አሰበ። ማሰብ ይከብደዋል፤ ቢሆንም አሰበ። «እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ሠርተሽ ቢሆን ኖሮ እኔ ሳልሰማ እቀር ነበር?» አላት። «ሦስት ቀን ሙሉ ፊት ተቀምጬ ሰምቻለሁ። የሚዳቋን አክስት ስም ሳይቀር አውቃለሁ። ያንቺን ግን ማንም አላነሳውም።»

ዳለቻ ልትነሳ ሞከረች፤ ሰባቱን ዳገት የወጡት ጉልበቶች እንቢ አሏት።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል የሰማ ሁሉ ባልየው የለገመ ይመስለዋል። ጫኔ አልለገመም። ከዋርካው እስከ ቤቱ ሳይተነፍስ ነው የሮጠው፤ ደርሶም ተራግጧል፣ ነክሷል፣ አንድ ጆሮው እዚያው ቀርቷል። ግን አላስጣለም።

በማግስቱ አንበሳ ዋርካው ሥር ችሎት ተቀመጠ። ጫኔ ደም በደረቀበት ግንባሩ ፊቱ ቆመ። አንበሳ መጀመሪያ ጅብን ጠየቀ።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ ሕግ አልጣስኩም» አለ ጅብ። «ጀምበር እስክትጠልቅ ጠብቄአለሁ። የቀረ አለ ወይ ብዬም ጠይቄአለሁ። ሁሉ ተጠርቷል ተባልኩ።»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ማሸነፏን አላወቅህም?»

«አውቄአለሁ፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ቀበሮ። «ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። እኔ ሕዝቡ የሚወደውን ነው የምናገረው። ሸክም የሚወድ የለም።»

አንበሳ ሕዝቡን አየ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት በግ ተናገረች። «ንጉሥ ሆይ፣ እኔ ትናንት ጫኔን በክርናቸው ከገፉት አንዷ ነኝ። ይህን አልክድም። ነገር ግን ሰባት ዳገት እንደወጣች ዛሬ ገና ነው የሰማሁት። ያልነገሩንን እንዴት እንወዳለን?»

ያን ጊዜ ሚዳቋ ከመሃል ወጣች። «የእኔ ስም ስንት ጊዜ እንደተጠራ ቁጥሩን አላውቀውም» አለች፣ እንባዋ እየቀደማት። «ከሞት ለማዳን ሦስቱ ይበቃ ነበር። ከተረፈው ሦስቱን ለዳለቻ ብትሰጧት ምን ነበረበት? እኔስ አፍ አልነበረኝም? ምነው ተነስቼ በተናገርኩ!»

አንበሳ ጅብን በሕጉ ሊቀጣው አልቻለም። «ቀበሮ፣ ከበሮውን ዛሬ ታስረክባለህ» አለ በመጨረሻ። «ከማስረከብህ በፊት ግን ትመታዋለህ። ስሟን ትጠራለህ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ጫኔ። ፊቱንም አዞረ።

ቀበሮ ከበሮውን መታ። «ዳለቻ!» አለ። «ዳለቻ! ዳለቻ!» ከዚያም ስለ ሰባቱ ዳገት፣ ስለ ጨው ዳውላው፣ ገደል አፋፉን ስትወጣ ስትወርድ ስለኖረችበት ሁለት ዓመት ተናገረ። የማያውቀውን ጫኔን እየጠየቀ ተናገረ። ዋርካው ሥር መቆሚያ አልነበረም። ጥንቸል አላዛጋችም፣ በግም ተነስታ አልሄደችም፤ ስለ ሸክም እየሰሙ ሁሉም ያለቅሱ ነበር።

ነገሩ ሲያበቃ አያ ጅቦ ተነሳ። እሱም አዝኖ ነበር፤ የጥፋቱን ካሳ የሚከፍልበት መንገድም የመጣለት መሰለው።

«አሁን ሰምቻለሁ፣ ሦስት ጊዜ ተጠርታለች» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ከዛሬ ጀምሮ እስከ መጪው ጨዋታ ድረስ ዳለቻን አልነካትም።»

በጅብ ቂልነት መሳቅ በዚያ አገር የተለመደ ነው። ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለደከመው በጊዜው ያልተነገረ ምስጋና ከሞቱ በኋላ በከበሮ ቢታወጅ እንደማይመልሰው፣ ስሙን ሊጠራ ሲችል ዝም ያለ አፍም ከበላው አፍ እንደማይሻል ነው።