የአያ ይስማው ቃሬዛ

ቀረብ በሉ። ድምፄ እንደ ድሮው ርቆ አይሰማም፤ ጮኼ ለማውራትም ጉልበቱ የለኝም። የማወራችሁ የድሮ ነገር ነው። ድሮ ስላችሁ የትናንቱን ድሮ አይደለም፤ አያቴ ከአያቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የሰማውን ድሮ ነው።

ያኔ ሰንበሌጥ አፋፍ የምትባል መንደር ነበረች። ከበላይዋ ተራራ፣ ከበታችዋ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ። ጠበሉ ከወንዙ ማዶ፣ ወጌሻው ከወንዙ ማዶ፣ አዋላጇም ከወንዙ ማዶ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ለኛ ገደሉን ሰጥቶ የቀረውን ሁሉ ማዶ አስቀመጠው። ሰው ሲታመም በቃሬዛ ነበር የሚወሰደው። ቁልቁለቱን መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ ዳገቱን መውጣት። ቃሬዛውም ለመንደሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለት ረጃጅም የወይራ እንጨት፣ መሀሉ በበሬ ቆዳ ጠፍር የተጠላለፈ። ያሠሩት የደብሩ ቄስ መምሬ ተገኘ ናቸው።

መምሬ ተገኘ ሊሞቱ ሲሉ ይስማውን አስጠሩት። ይስማው ደሃ ነው። ባለ አንድ በሬ ነው፤ በሬውን ከሰው በሬ አቀናጅቶ የሚያርስ፣ ሰንበቴ ላይ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው። ሰዉ «እሱን ደግሞ ለምን ፈለጉት?» አለ። መምሬም «ልጄ፣ ይሄ ቃሬዛ የእግዜር ዕቃ ነው፤ አንተ መጋቢው ነህ። ለማንም አትከልክለው። አታከራየው። የኔ ነው አትበለው። ከቤት ሲወጣ አብረኸው ውጣ። አደራ!» አሉት። አደራ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? «እሺ አባቴ» አለና ተሸክሞት ቤቱ ገባ። ሚስቱ ጠጅቱ «ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?» አለችው። ጠጅቱ አፏ አያርፍም፤ እጇም አያርፍም። ደግ ሴት ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ሰው በታመመ ቁጥር ይስማው ይወጣል። አራት ሰው ይሸከማል፤ እሱ ከጎን ከጎን ይሄዳል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ «ደከመኝ» ይላል። ይስማው «አምጣ» ይላል፤ ትከሻውን ያስገባል። ያኛው ሲያርፍ ሌላው «ደከመኝ» ይላል። «አምጣ» ይላል። በርታ አይልም፤ አይዞህ አይልም። አምጣ ብቻ።

አንድ መኸር ላይ ግራዝማች ወንድይራድ ከበቅሎ ወደቁ። እኚህ ሰው የአገሩ ባላባት ናቸው፤ የይስማውን ድንበር ገፍተው ከእርሻው ደህና ደህናውን የወሰዱበት ናቸው። ጭናቸው ተሰብሮ አሽከራቸው ቃሬዛ ፍለጋ መጣ። ጠጅቱ በሩ ላይ ቆመች። «መሬታችን አልበቃ ብሎት ትከሻህን ሊበላ ነው? ወይ ጉድ! እዚያው ይንፏቀቅ!» አለች። ይስማው ማጭዱን አስቀመጠ። ጤፉ ደርሷል፤ ሰማዩም ጠቁሯል። «ሰውየው ጠላቴ ነው፤ ቃሬዛው ግን የኔ አይደለም» አለና ወጣ።

ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ወንዙን ተሻገሩ፤ ዳገቱን ወጡ። ግራዝማች ከባድ ሰው ናቸው፤ በሰው መሬት የወፈረ መቼም ቀላል አይሆንም። ተሸካሚዎቹ ቶሎ ቶሎ «ደከመኝ» አሉ፤ ይስማው ቶሎ ቶሎ «አምጣ» አለ። ሲመለስ ጤፉን በረዶ አንጥፎት ቆየው። እናንተ አሁን ግራዝማች ልባቸው ተነክቶ መሬቱን መለሱ እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። አልመለሱም። እያነከሱ ዳኑ፤ ድንበሩም እንደተገፋ ቀረ።

ደግሞ ሌላ ጊዜ አንበጣ መጣ። ክፉ ቀን ሆነ። ሰው መጀመሪያ እህሉን ጨረሰ፤ ቀጥሎ ዘሩን በላ፤ ቀጥሎ ከብቱን በላ፤ ኋላ ቁርበት እየቀቀለ ይበላ ጀመር። ይሄኔ መንደርተኛው ቃሬዛው ላይ ዐይኑን ጣለ። የበሬ ቆዳ ነዋ! «ይስማው፣ ጠፍሩን እንፍታና እንቀቅለው፤ እግዜርም አይቀየም» አሉት። የገዛ ልጆቹም ቃሬዛውን ያዩታል፤ አባታቸውን ያያሉ፤ መልሰው ቃሬዛውን ያያሉ። የተራበ ልጅ ዐይን ያቃጥላል እኮ እናንተ! እኔ ብሆን እፈታው ነበር፤ ልዋሻችሁ አልችልም።

ይስማው ከተቀመጠበት ተነሣ። ከዚያ ጓዳ ገባና የራሱን የጠፍር አልጋ እየጎተተ አወጣ። የጫጉላ አልጋው ነው፤ ዕቃ የሚባል ያለው እሱ ብቻ ነው። ቋጠሮውን በጥፍሩ ይታገለው ጀመር። ጠጅቱ አየችው። ይሄኔ ታብዳለች አላችሁ? ቢላዋ አመጣችና «በጥፍርህ እስክትፈታው ልጆቹ አያልቁም?» ብላ በዚያኛው ጫፍ ቁጭ አለች። ያንን ጠፍር ቀቀሉት፤ ለልጆቻቸው ሰጡ፤ ለጎረቤትም ቆራርጠው ሰጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባልና ሚስት መሬት ላይ ተኙ። ቃሬዛው ግን ቋጠሮው ሳይላላ ክፉውን ቀን አለፈ፤ በዚያ ክፉ ቀንም ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት እየዞረ በሽተኛ ሲያነሣ ከረመ። ቁልቁለቱን ወረደ፤ ወንዙን ተሻገረ፤ ዳገቱን ወጣ።

እህ! ሳወራውም ይደክመኛል። ውሃ አቀብሉኝ እስቲ።

ዘመን ሄደ። ይስማው አያ ይስማው ሆነ። ጀርባው ጎበጠ። መሬት ላይ መተኛት ወገቡን ቀረጠፈው። ልጆቹ አግብተው ሩቅ አገር ወጡ። ቃሬዛውን ከቤት ማውጣትም ከበደው፤ አንዳንዴ ሌሎቹ ወንዙን ተሻግረው እሱ ገና ቁልቁለቱ መሀል ይቀራል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቃሬዛውን እየጎተተ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ መጣና፣ ከዛፉ ሥር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት አስቀመጠው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ድምፁ ተሰማ።

«ደከመኝ» አለ።

ሰው ሁሉ ደነገጠ። ከዚያ አንዱ «በርታ እንጂ አያ ይስማው!» አለ። ሌላው «አይዞህ፣ ካንተ ወዲያ ለዚህ ማን ይታመናል?» አለ። ሌላው «ዋጋህ በሰማይ ነው፤ እግዜር ያበርታህ» አለ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁት። ረጅም ምርቃት ነው፤ እርስ በርሱ የተያያዘ፣ አሜን አሜን የሚያሰኝ። ምርቃት ምን ይከብዳል? ግራዝማች ወንድይራድም ምርኩዛቸውን ተደግፈው አሜን አሉ። አምጣ ያለ ግን አልነበረም። አያ ይስማው ጥቂት ጠበቀ። አንድ ሰው እጁን ይዘረጋል ብሎ ነው መቼም። ኋላ ጎንበስ አለና ቃሬዛውን አንሥቶ ምርቃቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ጠጅቱ ቃሬዛው ተመልሶ ሲገባ አየች፤ ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው።

በዚያው ክረምት የአንድ ጎረቤቱ ሚስት ምጥ ጠናባት። አዋላጇ ማዶ ናት፤ ራሷ አሮጊት ስለሆነች ገደል አትወርድም። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። አያ ይስማው አደራው ነውና ወጣ። ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ወንዙን እንደምንም ተሻገሩ። የዳገቱ እኩሌታ ላይ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቆመ።

«ደከመኝ» አለ።

«አምጣ» አለ አያ ይስማው፤ ትከሻውንም አስገባ።

ወጡ። ከአዋላጇ ደጅ ደረሱ። ሴትየዋን ወደ ቤት አስገቡ፤ በሰላምም ተገላገለች። አያ ይስማው ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ወንዶቹ ደስ ብሏቸው ወጡና «አያ ይስማው፣ ተነሥ እንጂ፣ በርታ፣ ወንድ ልጅ ነው!» አሉት። አልተነሣም። ትከሻውን ቢነኩት ወደ ጎን አዘነበለ። ነፍሱ ወጥታለች። ወይኔ ሰውዬው!

በዚያው ቃሬዛ አስተኙት። ስንቱን ያስተኛበት ቃሬዛ ላይ እሱ ሲተኛ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ዳገቱን ወረዱ፤ ወንዙን ተሻገሩ፤ ቁልቁለቱን ሽቅብ ወጡት። መሀል መንገድ ላይ አንዱ እንደ ልማዱ «ደከመኝ» አለ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አምጣ የሚለው ሰው ቃሬዛው ላይ ነው።

ቀበሩት። ቃሬዛው ባዶውን ከመቃብሩ አጠገብ ቀረ። ሕዝቡ ቆመ፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ጠጅቱ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ጎንበስ ብላ ቃሬዛውን ለማንሣት ታገለች። አሮጊት ናት፤ አቃታት። ቀና ብላ ሕዝቡን ዞራ አየችው።

«ደከመኝ» አለች።

በርቺ ሊል አፉን የከፈተ ሰው አፉን መልሶ ዘጋ። ያኔ ከኋላ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። ግራዝማች ወንድይራድ እያነከሱ ሰዉን ሰንጥቀው መጡ። ምርኩዛቸውን ጣሉ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪ» አሉ።

በዚያ በተሰበረ እግራቸው ቃሬዛውን ተሸክመው ቤታቸው ወሰዱት። ዓመት ጠበቁት፤ ለማንም አልከለከሉትም፤ ከቤት ሲወጣ እያነከሱ አብረውት ወጡ። መሬቱንስ መለሱ ወይ ትሉኛላችሁ። እሱን እንኳ አልሰማሁም። ሰው ባንድ ቀን ሙሉ አይሆንም። ዓመቱ ሞልቶ ክረምቱ ሲወጣ ግን በኅዳር ሚካኤል ቃሬዛውን ቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ አምጥተው፣ አንድ አዲስ ጠፍር አስረውበት፣ እንደ ሕፃን አፍረው «ደከመኝ» አሉ። ሳይጨርሱት «አምጣ!» የሚል ድምፅ ከአራቱም አቅጣጫ መጣ።

ይኸው እስከ ዛሬ በኅዳር ሚካኤል ቃሬዛው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ሰጪው አዲስ ጠፍር አስሮ «ደከመኝ» ይላል፤ ተቀባዩ «አምጣ» ይላል። ሴቶች እልል ይላሉ። በእኛም አገር፣ ቃሬዛ ይሁን ዕዳ፣ ሐዘን ይሁን እርሻ፣ ሰው ደከመኝ ሲል በርታ አይባልም። ነውር ነው። በርታ ያለ ሰው «አያ ይስማውን ማን ገደለው?» ይባላል።

ሌላ ቦታ ተረት ሲያልቅ ተረቴን መልሱ ይባላል አሉ። እኔ አልላችሁም። ይችን ነገር ከአያቴ ተቀብዬ ስንት ዘመን ተሸከምኳት። እንግዲህ ልጆቼ፣

ደከመኝ።