ዋስ የበዛበት ሞተረኛ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ፤ የዛሬው በረት ግን ላም የለበትም። ሐይቅ ከተማ፣ ልብስ ሰፊው አራጋው ጓሮ፣ ሸራ ለብሶ የቆመው አረንጓዴ ሞተር ሳይክል ነው። አራጋው በየጠዋቱ ሸራውን ይገልጣል፣ አቧራውን በእጅጌው ይጠርጋል፣ መቀመጫውን መታ መታ ያደርግና መልሶ ይሸፍነዋል። ከዚህ አልፎ የሚያደርገው ነገር የለም። ቁልፉ ሚስቱ ይታይሽ መቀነት ውስጥ ተቋጥሯል።

አራጋው ሞተር ይወዳል ማለት ሲያንስበት ነው። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ወገቡን ከመለካቱ በፊት ሞተር ይነዳ እንደሆነ ይጠይቃል፤ አልነዳም ካለው በሐዘኔታ አይቶት ሜትሩን ያነሳል። በጎልማሳነቱ ቀይ ሞተር ገዛ፤ ቀጥሎ ሰማያዊ ገዛ፤ ሰማያዊውን በቢጫ ለወጠ፤ በስተመጨረሻ አረንጓዴው መጣ። ከአራቱም ወድቋል። ጎረቤቶቹ «ካልጠገቡ አይዘሉም፣ ካልዘለሉ አይሰበሩም» ይሉበታል። ይበሉ፤ አራጋው ግን ሞተር ጠግቦ አያውቅም።

አሁን አረጀ፤ ጉልበቱም ከዳው። ስለዚህ ሞተሩ ይሸጥ ሲባል ራሱ ተስማማ። ገዢዋ ከመርሳ የምትመጣ ወጣት የከብት ሐኪም ናት፤ ቅዳሜ ለምሳ ሰዓት እደርሳለሁ ብላለች። ቅዳሜ ነጋ። አራጋው ሸራውን ገለጠ፤ መልሶ ግን አልሸፈነውም። ዕድሜ ልኩን የወደደው ነገር፣ እንዲህ እንደቆመ፣ አንዴ እንኳ ሳይሰናበተው ሊሄድ ነው። አንድ ነገር ብቻ አማረው፤ እስከ ሐይቁ ዳር ነድቶ መመለስ። ደርሶ መልስ፣ ሌላ አይደለም።

ይታይሽ ሽሮ እየነፋች ነበር። ቁልፉን ሲለምናት ከወንፊቱ ቀና አላለችም።

«ብሰጥህና ብትወድቅ የሚጠየቀው ዋስህ ሰይድ ነው። ሰይድ ይሁን ይበል፤ ያን ጊዜ እሰጥሃለሁ።»

እውነቷን ነው፤ በዋስ የተያዘ ነገር ዋሱ ሳያውቅ አይለቀቅም። አራጋው ባርኔጣውን ደፋና በእግሩ ወጣ። እንዲህ ያለውን ልመና በስልክ መለመን ነውር ይመስለዋል። ይታይሽ ያለ ሰይድ ቁልፍ አትሰጥ፤ ያለ ቁልፍ ሞተር አይነሳ፤ ያለ ሞተር አራጋው ሐይቁ ዳር አይደርስ።

ሰይድ ጎሚስታ ነው፣ አብሮ አደጉ። ቀዩን ሞተር መንገድ ሊሠራ መጥቶ ሥራውን ጨርሶ ከሚመለስ ቀያሽ ላይ የገዙት ሁለት ሆነው ነው። ጎማው ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ሲያስቸግራቸው ሰይድ መጠገን ተማረ፤ እንጀራውም በዚያው ወጣ። ታዲያ አንድ ቀን አራጋው ብቻውን ሲፈተለክ መታጠፊያው ጠበበውና የበለስ አጥር ውስጥ ተሰነቀረ። ሰይድ ከሰዓቱን ሙሉ በወረንጦ እሾህ ሲነቅልለት ዋለ። ያን ቀን ይታይሽ ዳግም በሞተር እንዳይወድቅ ዋስ ይጥራ፣ ካለዚያ አባቴ ቤት እገባለሁ ብላ ተነሳች። ሰይድ ወረንጦውን እንደያዘ ዋስ ገባ።

ዛሬ የጓደኛውን ፊት ሲያይ ሰይድ ይሁን ለማለት አፉን ከፈተ፤ ከፍቶ ግን ዘጋው።

«ሁለተኛ ስትወድቅ ቃሌ አብሮህ ወደቀ አይደል፤ ይታይሽ ለኔም ዋስ አስጠራችኝ። ይሁን ብልና ብትወድቅ የሚጠየቁት መሪጌታ ናቸው። እሳቸው ይሁን ይበሉና እኔም እላለሁ፣ ወላሂ።»

አራጋው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀና። ሰይድ ያለ መሪጌታ ይሁን አይል፤ ይታይሽ ያለ ሰይድ ቁልፍ አትሰጥ፤ ያለ ቁልፍ ሞተር አይነሳ፤ ያለ ሞተር አራጋው ሐይቁ ዳር አይደርስ።

መሪጌታ ጥበቡ ከግቢው ጥግ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እሳቸውን ከአራጋው ጋር ያዛመዳቸው ሰማያዊው ሞተር ነው። እሱን አራጋው በመንግሥት ጨረታ አሸንፎ ነበር ያመጣው። ክላክስ የሚባል ነገር ስላልነበረው በየመንደሩ በአፉ ነበር የሚያጮኸው። አንድ ቀን መሪጌታ ተዝካር ረፍዶባቸው ከኋላው ተፈናጠጡ፤ ፀሐይዋ በርትታ ነበርና ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ሞተሩ ጉብታ ዘለለ። አራጋውና ሞተሩ ሄዱ፤ መሪጌታ ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ መንገዱ መሐል ተቀምጠው ቀሩ። አራጋው ከኋላው ጸጥ ቢልበት ዞሮ አየ፤ ዞሮ ሲያይ ቦይ ውስጥ ገባ። መሪጌታ ጥፋቱን ለገዛ ክብደታቸው ሰጥተው ለሰይድ ዋስ ቆሙለት። እንዲህ ያሉ ደግ ሰው ናቸው።

ዛሬም ደግነታቸው አልጎደለም፤ ጎንበስ ብለው የአራጋውን ጉልበት ዳበስ አድርገው እንዴት ሰነበተ አሉት። ይሁን ማለቱ ላይ ሲደርሱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛ ሲወድቅ እሳቸውም ዋስ ተጠይቀዋል፤ ይሁን ብለው ቢወድቅ የምትጠየቀው ከድጃ ናት። ከድጃ ሳታውቅ ከአፋቸው ቃል አይወጣም።

አራጋው ጉልበቱን አሻሽቶ ወደ ገበያ ወረደ። ፀሐይዋ ወጣ ብላለች። መሪጌታ ያለ ከድጃ ይሁን አይሉ፤ ሰይድ ያለ መሪጌታ ይሁን አይል፤ ይታይሽ ያለ ሰይድ ቁልፍ አትሰጥ፤ ያለ ቁልፍ ሞተር አይነሳ፤ ያለ ሞተር አራጋው ሐይቁ ዳር አይደርስ።

ከድጃ ቲማቲም ትሸጣለች። ነገሩ ከዚህ በኋላ ለማንም ግልጽ ነው፤ ቢሆንም ልንገራችሁ። ቢጫው ሞተር ፍሬኑ ከለመኑት በኋላ ነበር የሚይዘው። አራጋው ሰማያዊውን ኮምቦልቻ ወስዶ በዚህ ሲለውጥ ቀለሙን እንጂ ፍሬኑን አላየም። በገበያ ቀን ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑን ለመነ፤ ፍሬኑ እምቢ አለ፤ አራጋው የከድጃ ቲማቲም ክምር ላይ አረፈ። ቀይ በቀይ ሆኖ ሲነሳ ደም መስሏት ከድጃ እየዬ ብላ አለቀሰችለት። ቲማቲም መሆኑን ስታውቅ ደግሞ ጫማዋን አውልቃ አባረረችው። አመሻሹ ላይ ለመሪጌታ ዋስ ጠፋ ሲባል ግን ቀድማ የተገኘችው እሷ ናት። አንዴ ያለቀስኩለት ሰው ዘመዴ ነው አለች።

አሁንም ሲመጣ በእግሩ እንኳ ቢሆን ቲማቲሟን ወደ ራሷ ሰበሰብ አደረገች። ልመናውን ሰምታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በእሷ ቢሆን ሞተሩን ራሷ ገፍታ ታስነሳለት ነበር። ግን ምን ያደርጋል፤ በአራተኛው ውድቀት እሷም ዋስ ጠርታለች፤ ይሁን ብላ ቢወድቅ የሚጠየቀው ዓሣ አጥማጁ ደርቤ ነው። ደርቤ የሚገኘው ደግሞ ሐይቁ ዳር ነው።

ይኸውላችሁ፤ ሐይቁ ዳር በሞተር ለመድረስ አራጋው ሐይቁ ዳር በእግሩ ሊሄድ ሆነ። ከድጃ ያለ ደርቤ ይሁን አትል፤ መሪጌታ ያለ ከድጃ ይሁን አይሉ፤ ሰይድ ያለ መሪጌታ ይሁን አይል፤ ይታይሽ ያለ ሰይድ ቁልፍ አትሰጥ፤ ያለ ቁልፍ ሞተር አይነሳ። አራጋው ይህን እያጉተመተመ፣ እያነከሰ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ እያረፈ ቁልቁል ወረደ። ባጃጆች እያቆሙ ጋሼ ግባ አሉት። ሞተረኛ ባጃጅ አይሳፈርም ብሎ አለፋቸው።

ደርቤ መረቡን ዘርግቶ ይጠግናል። አረንጓዴውን ሞተር ከነአራጋው ከውኃ ያወጣ እሱ ነው። ያን ጊዜ አራጋው በሐይቁ ዳር ሲያልፍ ደርቤን አየና ሰላም ሊለው እጁን አነሳ፤ የተነሳው እጅ ሳይመለስ ሞተሩ ውኃ ገባ። ደርቤ ሰውየውን ሊጎትት ሲታገል ሰውየው ‹መጀመሪያ ሞተሩን› እያለ ይለምነው ነበር። ጉልበቱም የተሰበረው ያኔ ነው፤ ቁልፉም መቀነት የገባው ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ ሐይቁን በእግርህ አየኸው እኮ» አለው ደርቤ ነገሩን ሰምቶ።

አራጋው ውኃውን ተመለከተ። በእግር መጥቶ ማየትና በሞተር መጥቶ ማየት አንድ እንዳልሆነ፣ ነፋሱ ፊትህን ሲመታህ ሐይቁም ሊቀበልህ የሚመጣ እንደሚመስል ነገረው።  ደርቤ መረቡን አስቀመጠ። ይሁን ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ብትወድቅ ግን የሚጠየቅ ዋስ እኔም አለኝ አለ።

አራጋው ይህን አያውቅም ነበር። ያኔ እግሩ ታስሮ አልጋ ላይ ነበርና ነገሩ በደርቤ ያለቀ መስሎት ኖሯል። ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያንተ ዋስነት ብቻውን አይበቃም፣ አንተም ዋስ ጥራ ሲሉኝ ከተማውን ዞርኩ፤ አራት ጊዜ ለወደቀ ሰው እሺ የሚል ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ሰው ራሱ መጣልኝ። ‹እኔ አለሁ፤ እሱ ግን እንዳይሰማ› አለኝ።» ደርቤ መረቡን መልሶ አነሳና ጨመረ፤ «ባለቤትህ ናት፣ ጋሼ።»

አራጋው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አፈረ፤ ደስም አለው፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃተው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ይታይሽ ሞተሩን ጠልታ፣ እሱንም ታዝባ የተቀመጠች ይመስለው ነበር። ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ፤ ምሳ ሰዓት ደርሷል። በኩራት ካለፋቸው ባጃጆች አንዱን በእጁ አስቁሞ ገባ።

ደርቤ ያለ ይታይሽ ይሁን አይል፤ ከድጃ ያለ ደርቤ ይሁን አትል፤ መሪጌታ ያለ ከድጃ ይሁን አይሉ፤ ሰይድ ያለ መሪጌታ ይሁን አይል፤ ይታይሽ ያለ ሰይድ ቁልፍ አትሰጥ። ዞሮ ዞሮ ከቤት። ይታይሽ አሁንም ሽሮዋን ትነፋለች። አራጋው አጠገቧ ዝቅ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ብወድቅ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ አሉኝ» አላት።

ወንፊቱ ቆመ። መጀመሪያ ደርቤን ወሬኛ ብላ ሰደበችው። ቀጥላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ለምን እንዳደረገችው ጠየቃት።

«ዋስ ያጣ ሰው ሲሉህ መስማት አልቻልኩም» አለችው። «ሌላው ቢተውህ እኔ የት ልሂድ?»

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጠነ። ይታይሽ ስልኳን አነሳችና ለደርቤ ይሁን አለች። ደርቤ ለከድጃ ደውሎ ይሁን አለ፤ ከድጃ ለመሪጌታ ይሁን አለች፤ መሪጌታ ለሰይድ ይሁን አሉ፤ ሰይድ ስልኩን ትቶ ራሱ እየሮጠ መጣ፣ የጎማ መንፊያውንና ቤንዚን የሞላበት ጠርሙስ ይዞ። በሩ ላይ ቆሞ ይሁን አለ። ይታይሽ መቀነቷን ፈታች፤ ቁልፉ ወጣ።

የአራጋው ጉልበት ማስነሻውን መርገጥ አቃተው። ሰይድ ከኋላ ሊገፋ ሲዘጋጅ ይታይሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወገቧ ላይ አሰረችና መቀመጫው ላይ ወጣች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ተፈናጣ አታውቅም። ዋሱ እኔ ከሆንኩ አብሬ ሄጄ ልየው አለች። ሰይድ ገፋ፣ ሞተሩ ሳል ሳል አለና ተነሳ።

አራጋው በዕድሜው እንዲህ ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም። ዶሮ ቀደመቻቸው። ከድጃ ቲማቲሟን በሁለት ክንዷ አቅፋ ቆመች፤ ከዚያም አንድ እጇን አውጥታ አውለበለበች። መሪጌታ ጃንጥላቸውን አጥፈው መንገዱን ለቀቁና ባረኳቸው። ደርቤ ሐይቁ ዳር ሁለት እጁን ዘርግቶ ውኃውን ከልሎ ጠበቃቸው። ነፋሱ መጣ፤ ሐይቁም መጣ። ይታይሽ ጉንጯን የአራጋው ጀርባ ላይ አስደግፋ፣ እዚህ ትንሽ እንቁም አለችው። ቆሙ፤ አዩ፤ ተመለሱ። አልወደቁም።

የከብት ሐኪሟ ደርሳ በር ላይ ትጠብቃለች። ሞተሩን ዞራ አየችው፤ ጎማውን ተጫነች፤ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አደረገች። አራጋው ከአጥሩ እስከ ሐይቁ ያለውን ሁሉ ምንም ሳይደብቅ ነገራት። በሰማችው ቁጥር ሳቋን ስትታገል ቆየችና በመጨረሻ፣ እንዲህ ብዙ ከወደቀ ሰው ለሚገዛ ሞተር ማን ዋስ ይሆነኛል ብላ ጠየቀች።

አራጋው ሰይድን ሊጠራ ወደ መንገዱ ዞረ። ሰይድ ሄዷል። ይታይሽ ፀጉሯ ላይ የመንገዱ አቧራ ሳይራገፍ፣ ነጠላዋ ከወገቧ ሳይፈታ፣ ወደ ፊት ወጣች።

«እኔ አለሁ» አለች።

አራጋው ቁልፉን ከኪሱ አወጣና በራሱ እጅ ለሐኪሟ ሰጣት። ተረቴን መልሱልኝ፤ መመለስ ያቃተው ዋስ ይጥራ።