ሐይቅ የናፈቀው ቤት

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

«ኧረ ጮክ በሉ፣ ሐይቁ ማዶ ይሰማ!»

«የመሰረት!»

በድሮ ጊዜ፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ከባሏ ከቢተውና ከሁለት ልጆቿ ጋር በትልቅ ሐይቅ ላይ፣ ባለ ሸራ ጀልባ ውስጥ ትኖር ነበር። የወለደችውም እዚያው፣ ወጥ የምትሠራውም እዚያው። ወጡ ግማሹ ለልጆቿ፣ ግማሹ ለዓሣ! ማዕበል በመጣ ቁጥር ድስቱ ይገለበጣላ!

አንድ ቀን አንጓች መረራት። «በቃኝ! የማይወዛወዝ ቤት እፈልጋለሁ!» አለች።

ወደ ዳር ወጡ። ጀልባዋን አፈረሱና በእንጨቷ ቤት ሠሩ። ሸራውን ጣሪያ አደረጉት። ገና አረፍ ከማለታቸው፣ ጎረቤት ሁሉ ፈርቶት በሩን የሚዘጋበት ጭራቅ መጣ።

«በእኔ መሬት ላይ ቤት ከቆመ ቆመ ነው» አለ ጭራቁ። «በሦስተኛው ቀን እመጣለሁ። ቤታችሁ ሲነቃነቅ ካገኘሁት ልጆቻችሁን እበላለሁ።»

«ቤት ደግሞ የት ይሄዳል?» ብላ አንጓች ሳቀች።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስትነቃ እግሯ ረጥቧል። ቤቱ በነፋስ ተነሥቶ፣ ዱብ ዱብ እያለ ሐይቁ ውስጥ ሊገባ ነው! ገፍተው መለሱት። አንጓች ከዋርካ ጋር በገመድ አሰረችው።

በሁለተኛው ቀን ዋርካውን ነቅሎ፣ እየጎተተ ሄደ። ቢተው ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «አንጓች፣ ነፋሱ እንዴት ደስ ይላል! ትንሽ ወደ ግራ!» ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጆችህ ሊበሉ ነው! ውረድና ግፋ!»

ገፉት። ድንጋይ ጫኑበት። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩን ተሸክሞ ሄደ። ልብ በሉ፣ ተሸክሞ!

አንጓች ነጠላዋን መሬት ላይ ወረወረች። «አንተ ቤት! ምን በደልኩህ?»

በሩ ሲጢጥ አለና እንደ ሰው ተናገረ። «እኔ ምን ላድርግ? ጀልባ ነበርኩ። ቤት መሆኔን ማን ነገረኝ? ‹ቤት ለእምቦሳ› ብሎ የመረቀኝ እንግዳ አለ?»

አንጓች ግንባሯን መታች። ለካ የጀልባ ሰው እንግዳ ደጁ መጥቶ አያውቅም! «እሺ፣ እኔ ልበልህ» አለች።

«የራስን ቤት ራስ አይመርቅም» አለ ቤቱ፣ ኮራ ብሎ።

«ታዲያ ይህን ቀደም ብለህ ብትናገር ምን ነበረበት?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ኤጭ! ቤቱን እንደምንም ገፍተው መለሱት። አንጓች ወደ ጎረቤት ሮጠች። አንኳኳች፣ ለመነች፤ የከፈተላት የለም። ስትመለስ ጭራቁ አፉን ከፍቶ ደርሷል። ቤቱም መወዛወዝ ጀምሯል። ልጆቹ ውስጥ ናቸው።

አንጓች በሩ ላይ ተገተረች። «ወዴት ነው እንዲህ ዘው?»

«ልጆችሽን ልበላ ነዋ!»

«መብላቱንስ ይብሉ። ግን ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ምን እንደሚል እንኳ አያውቁም። አዬ! ጭራቅ ወግ ከየት ያውቃል? ያው የጫካ ነዎት።»

የጭራቁ ጆሮ ቀላ። «እኔ ነኝ ወግ የማላውቀው? እኔ? ቤት ለእምቦሳ!»

«እምቦሳ እሰሩ!» አለች አንጓች ቀበል አድርጋ።

ዘጭ! ቤቱ መሬት ውስጥ ተተከለ። ነፋስ ገፋው፤ ንቅንቅ የለም። ጭራቁ በትከሻው ገፋው፤ ንቅንቅ የለም። በእርግጫ መታው፤ እግሩ አበጠ!

«የመረቀ አፍ አይበላም፣ ጌታዬ» አለች አንጓች። እውነትም ጭራቁ አፉን ሊከፍት ቢታገል፣ ምርቃቱ ለጉሞታል። እያነከሰ ሄደ። ዳግመኛም አልታየም።

ይኼኔ የጎረቤት በር ሁሉ ተከፈተ። ዳቦ ተሸክመው፣ «ቤት ለእምቦሳ! ቤት ለእምቦሳ!» እያሉ መጡ።

«ቅድም የት ነበራችሁ?» አለች አንጓች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ዳቦውን ግን ተቀበለች።

ልጆች፣ ቤትን የሚያቆመው ገመድም ድንጋይም አይደለም፤ የጎረቤት ቃል ነው። ሰፈራችሁ አዲስ ሰው ሲገባ፣ ጭራቅ እስኪቀድማችሁ አትጠብቁ።

ተረቴን መልሱ፣ እኔንም እስከ ደጄ አድርሱ።